የቪዲዮ ትምህርት አሰነዳድና ለንግዱ የሚሰጠው ጥቅም

ከደብረ ታቦር ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ገሳይ በጉና ተራራ ግርጌ ያለች የደጋ ከተማ ናት። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ በዙሪያው የሚገኘው የፋርጣ ምድር ብርዱና ጉሙ ለገብስና ለድንች እጅግ የተመቸ ነው። ከወረታ ተነሥቶ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው፣ በቻይና ርዳታ የተሠራው መንገድ በአጠገቧ የሚያልፍ በመሆኑም፣ ከጉና ሥር የሚቈፈረው ድንች በጆንያ እየታሰረና በመኪና እየተጫነ ወደ ሩቅ ገበያ ለመድረስ ችሏል። ነጋዴው ወገን ስለ ገሳይ ሲያስብ አስቀድሞ የሚታየው ይህ ድንች ነው።

ይሁን እንጂ ጆንያው በከተማ ሱቅ በተከፈተ ጊዜ የሚገኘው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በመቈፈሪያው የተወጋ፣ ፀሐይ መትቶት ቆዳው የአረንጓዴነት መልክ ያመጣ፣ እርጥብ ሳለ ተጭኖ የበሰበሰ፣ ከደቃቁ ጋር የተቀላቀለ ይገኝበታል። ከጉዳቱም አብዛኛው በክፋት የመጣ ሳይሆን ባለማወቅ የመጣ ነው። ጉዳቱን ግን አምራቹ በዝቅተኛ ዋጋ፣ ሰብሳቢው በኪሳራ፣ ባለሱቁም በተጣለ ዕቃ ይከፍለዋል። ከዚህ የተነሣ ትምህርት ከዕርፍ እስከ ሚዛን ድረስ የንግዱ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ትምህርቱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይተላለፍ የነበረው በገበያ ቀን፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ነበር። ዛሬ ሥዕልና ድምፅ የሚቀርፅ ስልክ በብዙ ነጋዴ እጅ ስላለ፣ አንድ የንግድ ማኅበር ወይም አንድ ሰብሳቢ ነጋዴ ራሱ ትምህርት አሰናድቶ ለደንበኞቹ ሊያዳርስ ይችላል። ታዲያ ብዙ ሰው ካሜራውን ማንሣቱን የሥራው ዋና ክፍል አድርጎ ይቈጥረዋል። እውነቱ ግን መቅረፁ ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው። ትምህርቱን መክፈል፣ ማስከተል፣ ስም መስጠት፣ ቀን መጻፍ፣ የሚያየውም ሰው ቆም ብሎ የሚጠይቅበትን ጊዜ ማበጀት ነው ትልቁ ድካም። ይህንም ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም፤ ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ብዙ ገንዘብ የወጣበት የገዛ ራሷ ታሪክ አላት።

ፕላዝማው ያስተማረው

በ1997 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004) በአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ተማሪውም መምህሩም ነገሩን በመሣሪያው ስም «ፕላዝማ» ብለው ጠሩት፤ እስከ ዛሬም የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም ትምህርቶች በደቡብ አፍሪካ ተቀርፀው፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ከአንድ ማእከል በአንድ ሰዓት ለመላው አገር ይተላለፉ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር። በደብረ ታቦር ያለ ተማሪና በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ከአንድ ዓይነት አስተማሪ ያገኛሉ፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤትም የኬሚስትሪውን ሙከራ በዐይኑ ያያል። በዚህ በኩል ፕላዝማው ያመጣውን ጥቅም መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሆኖም ከመምህራንና ከተማሪዎች የተሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነበር። የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ሲወስደው፣ ለክፍሉ መምህር የቀረው በመጀመሪያና በመጨረሻ ያለው ጥቂት ደቂቃ ሆነ። በመስተዋቱ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ጠይቆ፣ መልስ መስጫ ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ፣ ተማሪው ጻፈም አልጻፈም ያልፋል። «ቆይ፣ ያንን ድገምልኝ» ሊባል አይችልም። መብራት የጠፋ እንደ ሆነም የዚያ ቀን ትምህርት ጠፋ ማለት ነው፤ ሥርጭቱ የማንንም መብራት አይጠብቅምና። በዚህ ላይ በየክፍሉ የተሰቀለው መሣሪያ ጠጋኝና መለዋወጫ ስለሚያሻው፣ አያሌዎቹ ተበላሽተው በግድግዳ ላይ ቀሩ። ዕቃ አስመጪዎች ይህንን ልብ ሊሉት ይገባል፤ መሣሪያውን የሸጠ ሰው ዓመት ሳይቈይ የሚጠየቀው ስለ መለዋወጫው ነውና።

የችግሩ ሥር የሥዕሉ ጥራት አልነበረም፤ ሥዕሉማ ጥሩ ነበር። ችግሩ ትምህርቱ የተሰናዳው አስተማሪው ከሚናገርበት ፍጥነት ተነሥቶ እንጂ ተማሪው ከሚቀበልበት ፍጥነት ተነሥቶ አለመሆኑ ነው። ማቆሚያውም በተማሪው ወይም በመምህሩ እጅ አልነበረም።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ትምህርት እንደ ገና ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ራዲዮ ተመለሰ፤ በቴሌግራምም የተላከ ብዙ ነበር። በዚያን ጊዜ የታየው ልዩነት የሚያስደንቅ ነው። በቴሌቪዥን ያመለጠው ትምህርት አመለጠ፤ በስልክ የተቀመጠው ግን ማታ ሥራ ካለቀ በኋላም ይታይ፣ ይደገም፣ ለጎረቤትም ይተላለፍ ነበር። ስልክ ያልነበረው የገጠር ልጅ ከሁለቱም ተለይቶ መቅረቱ ደግሞ የዚያ ዘመን ሐዘን ነው።

በእርሻው ላይ የተገኘው ዘዴ

ከፕላዝማው ፈጽሞ የተለየ መንገድ የተከተለ ሌላ ሥራ አለ። ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 በህንድ አገር በማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ውስጥ የተጠነሰሰው፣ በኋላም ራሱን የቻለ ድርጅት የሆነው የዲጂታል ግሪን ሥራ ነው። መሥራቹ ሪኪን ጋንዲ ይባላል። ድርጅቱ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከግብርና መሥሪያ ቤቶች ጋር በመተባበር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ አካባቢዎች ሠርቷል።

ዘዴው ቀላል ነው። ባለሙያው የሚያስተምረውን ነገር መርጦ፣ በዚያው በአካባቢው ያለ ገበሬ በገዛ ማሳው ላይ እየሠራ እንዲያሳይ ያደርጋል፤ ይህ በዚያው አገር ቋንቋ ይቀረፃል፤ ርዝመቱም 10 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ የሥዕል ማሳያ ተይዞ ወደ ቀበሌው ይኬዳል። ገበሬዎቹ በቡድን ተሰብስበው በግድግዳ ወይም በነጭ ጨርቅ ላይ ያዩታል። የልማት ሠራተኛው ሥዕሉን በየመካከሉ እያቆመ «አሁን ምን አደረገ? ለምንስ እንዲህ አደረገ?» እያለ ይጠይቃል። ተመልካቹ የጠየቀው ይመዘገባል፤ ከሳምንታት በኋላም ማን እንደ ሠራበት ማሳው ላይ ተሄዶ ይታያል። የተመዘገበው ጥያቄ ለሚቀጥለው ቪዲዮ መነሻ ይሆናል።

መብራት የለም ሲባል ባትሪ፣ ኢንተርኔት የለም ሲባል የማስታወሻ ካርድ፣ ማንበብ የማይችል አለ ሲባል ሥዕልና ቃል ተዘጋጅቷል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማቆሚያው በሰው እጅ መሆኑ ነው። በህንድ አገር በ16 መንደሮች ለ13 ወራት በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ፣ ዘዴው ከተለመደው የግብርና ምክር ጋር ሲመዛዘን በአንድ ዶላር ወጪ 10 እጥፍ ውጤት እንዳስገኘ አዘጋጆቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ባለቤቱ ስለ ሥራው የተናገረውን ነገር ነጋዴ በጥርጣሬ መመልከቱ አይከፋም። ነገር ግን በኢትዮጵያም ከ2017 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ላይ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ቪዲዮው የታየባቸው ቀበሌዎች ገበሬዎች ትምህርቱን በበለጠ መረዳታቸውና በሥራ ላይ ማዋላቸው ተረጋግጧል። ባልና ሚስት አብረው እንዲያዩ መጋበዙ ከዚያ ያለፈ ትልቅ ለውጥ ያመጣ አልሆነም፤ ይህ ብዙዎች የጠበቁት ነገር ስላልነበረ መጠቀሱ ተገቢ ነው።

በሌላ በኩል በምሥራቅ ኦሮሚያ በዶባ ወረዳ የተደረገው ሙከራ የሥዕልን ኀይል ከሌላ ወገን ያሳያል። በዚያ የታየው ፊልም የእርሻ ዘዴን የሚያስተምር አልነበረም። በራሳቸው ጥረት ከድኅነት የወጡ የአገሩ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው የሚናገሩበት አጭር ፊልም ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ሰዎች ስለ ወደፊት ኑሯቸው ያላቸው ተስፋ ከፍ ብሎ፣ ቍጠባቸውም ጨምሮ ተገኘ። አስቂኝ የቴሌቪዥን ጨዋታ ብቻ ያዩት ግን እንደ ነበሩ ነበሩ። ሰው ከሩቅ ሊቅ ይልቅ የሚመስለውን ጎረቤቱን ያምናል። የገሳይ ድንች አምራችም ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ ከሚናገር ሰው ይልቅ ከጉና ሥር ጭቃ ረግጦ የሚናገረውን ይሰማል።

አከፋፈልና ቅደም ተከተል

አሁን አንድ የገሳይ ድንች ሰብሳቢ ነጋዴ ለአምራቾቹና ለከተማ ባለሱቆቹ ትምህርት ሊያሰናዳ ተነሣ እንበል። ለስሕተት የመጀመሪያው በር «ስለ ድንች» የሚል አንድ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ መሥራት ነው። ይህ ሁሉንም ይነካል፤ ነገር ግን ማንም እስከ መጨረሻው አያየውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ድርጅት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሰዎች ቪዲዮ ያዩባቸውን 6.9 ሚሊዮን ጊዜያት መርምሮ፣ የተመልካች ትዕግሥት በአማካይ ከ6 ደቂቃ እንደማያልፍ አሳይቷል። እነዚያ ተመልካቾች በፈቃዳቸው ለመማር የተመዘገቡ ሰዎች እንደ ነበሩ መዘንጋት የለበትም። ቆሞ ድንች የሚያስመዝን ሰው ትዕግሥቱ ከዚያ ይበልጣል ተብሎ አይጠበቅም። ይልቁንም የአንዱን ሰዓት ነገር በዐሥር ቈርጦ፣ እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ እንዲያስተምር ማድረግ ይሻላል።

አቈራረጡ ግን በዘፈቀደ አይደለም። የዚህ ምሳሌ በድንቹ ማከማቻ ላይ ጎልቶ ይታያል። የዘር ድንች የሚቀመጠው ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው፣ ግን ብርሃንና ነፋስ በሚዘዋወርበት፣ በርብራብ መደርደሪያ በተሠራ ቤት ነው። ብርሃኑ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ እንዲሆን ያደርገዋል፤ ቆዳውም አረንጓዴ ቢሆን ለዘር ጕዳት የለውም። የሚበላ ድንች ደግሞ የግድ በጨለማ መቀመጥ አለበት። ብርሃን ያገኘው እንደ ሆነ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከአረንጓዴውም ጋር ሶላኒን የሚባለው መራራና መርዛም ነገር ይበዛበታል። እንግዲህ «ድንች እንዴት ይከማቻል» የሚል አንድ ቪዲዮ ሁለቱን አጣምሮ ቢያሳይ፣ ባለሱቁ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ አይቶ ለሽያጭ ያመጣውን ድንች በብርሃን ያሰጣዋል። ትምህርቱ እውነት ሆኖ ሳለ ሸቀጡን ያበላሻል፤ የበላውንም ሰው ያሳምማል። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ትምህርቶች መሆን አለባቸው፤ ስማቸውም ከመጀመሪያው ቃል መለየት ይገባዋል። «ለዘር» እና «ለምግብ» የሚሉት ቃላት በርእሱ መጀመሪያ ላይ፣ በሥዕሉም የመጀመሪያ ገጽታ ላይ በጕልህ መታየት አለባቸው።

ስም አሰጣጡ ቀላል ነገር ይመስላል። ሆኖም በስልክ ውስጥ የተጠራቀመ ቪዲዮ ስም ከሌለው፣ በመጋዘን ውስጥ ምልክት ሳይደረግበት እንደ ተከመረ ጆንያ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ ካላየ በቀር ምን እንዳለበት አያውቅም። ተራ ቍጥሩ በሁለት አኃዝ ቢጻፍ፣ ማለትም 01፣ 02፣ 03 እየተባለ ቢሄድ፣ ስልኩ በትክክል ያሰልፈዋል፤ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ከተጻፈ ግን በብዙ ስልኮች 10 ከ2 በፊት ይገባል። ከቍጥሩ ቀጥሎ ለማን እንደ ሆነ፣ ከዚያ ምን እንደሚያስተምር፣ በመጨረሻም የተቀረፀበት ዓመት ይጻፋል። «03 ለአምራች፦ የድንች ዋግን በቅጠሉ ማወቅ፣ 2017» የሚል ስም ለማንም ግልጽ ነው።

የድንች ዋግን ነገር ካነሡ ዘንድ፣ ቅደም ተከተሉን መወሰን ያለበት የመጽሐፍ ምዕራፍ አለመሆኑንም መናገር ያስፈልጋል። መጽሐፍ ከአፈሩ ይጀምርና ከዘሩ አልፎ በገበያው ይጨርሳል። አምራቹ ግን የሚፈልገው ዛሬ በፊቱ ያለውን ነው። ዋግ የሚበረታው ዝናብና ጉም በሚበዛበት በክረምቱ ወራት በመሆኑ ትምህርቱ ከዚያ አስቀድሞ፣ ማሳው ገና ንጹሕ ሳለ መድረስ አለበት። ዘር ስለ መምረጥ የሚናገረው ክፍል ከተከላ በፊት ካልደረሰ አንድ ዓመት ይጠብቃል። በዚህ ረገድ በአዴት የምርምር ማእከል የወጡትን ዘንገናና ጓሳ የተባሉትን የድንች ዝርያዎች፣ በሆለታ የወጡትን ጉደኔንና በለጠን የመሳሰሉትን ከአገሩ ድንች ለይቶ ማሳየት የሚቻለው በሥዕል እንጂ በቃል አይደለም። ደቃቁንና ጥሩውን፣ የተወጋውንና ደኅናውን ለይቶ ማስቀመጥም እንደዚሁ ነው። ሁለት ክምር ጎን ለጎን አድርጎ ካሜራው ፊት ማሳየት ከግማሽ ሰዓት ንግግር ይበልጣል።

ድንች ለኢትዮጵያ ራሱ የትምህርት ፍሬ መሆኑም በዚህ አጋጣሚ ይታወስ። ወደ አገሪቱ የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858 በጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ በሺምፐር እጅ እንደ ሆነ ይነገራል። በዚያው ዘመን ከደብረ ታቦር አቅራቢያ በገፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው የአውሮፓ ሠራተኞች፣ ዋልድማየርን የመሳሰሉት ከባዝል አቅራቢያ ከክሪሾና የመጡ የእጅ ባለሙያዎች፣ መድፍ የመሥራት ልምድ ሳይኖራቸው እየወደቁና እየተነሡ ተምረው በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን አቀለጡ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ሲወጡ ጥበቡ አብሮ ሄደ። እየሠሩ ያሳዩት ሁሉ በሚያዩት ዐይን ላይ ብቻ ቀርቶ ነበርና፣ ለሚቀጥለው ሰው የሚደርስበት መንገድ አልተበጀለትም።

ዋጋና ሕግ የሚለዋወጡ ናቸው

የነጋዴ ትምህርት ከገበሬ ትምህርት በአንድ ነገር ይለያል። ድንች የዛሬ ዐሥር ዓመትም በጨለማ ነው የሚቀመጠው። ዋጋ፣ ቀረጥና የባንክ ደንብ ግን ይለወጣሉ። ቪዲዮ ደግሞ የሚሞት ነገር አይደለም፤ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ከተሠራበት ዓመት ብዙ ርቆ ይገኛል። ተመልካቹም ሥዕሉ አዲስ ስለሚመስለው ነገሩም አዲስ ነው ብሎ ያምናል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ይህ ነገር በግልጽ ታይቷል። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ባንክ ምንዛሪ አጠያየቅ፣ ስለ ወረፋው፣ ስለ ተመኑ፣ እንዲሁም ምንዛሪ ስለ ተከለከለባቸው 38 የሸቀጥ ዓይነቶች የተሰናዳ ማንኛውም ትምህርት በአንድ ሌሊት አሮጌ ሆነ። ክልከላው ተነሥቷልና። ያን አሮጌ ቪዲዮ አይቶ «ይህ ዕቃ አይመጣም» ብሎ የተቀመጠ አስመጪ፣ ከእርሱ ይልቅ አዲሱን መመሪያ ያነበበው ጎረቤቱ ገበያውን ሲይዝበት መመልከቱ የማይቀር ነው። ወደ ውጭ ለሚልከውም ነጋዴ እንዲሁ ነው፤ ከሚያገኘው የውጭ ገንዘብ ምን ያህሉን በእጁ ሊያቈይ እንደሚችል የሚነግረው ደንብ በዚያው ቀን ተለውጧል።

ስለዚህ የማይለወጠውንና የሚለወጠውን በአንድ ቪዲዮ ማደባለቅ አይገባም። ስለ ድንች አመራረጥ የሚናገረው ክፍል በመካከሉ «አንዱ ኪሎ በዚህ ያህል ብር ይሸጣል» ካለ፣ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ጥሩው ትምህርት ሁሉ ስለ ዋጋው ሲባል የሚናቅ ይሆናል። ዋጋው በጽሑፍ መልእክት ወይም በድምፅ በየገበያው ቀን ለብቻው ይላክ። ደንብን የሚመለከተው ቪዲዮ ደግሞ የተቀረፀበትን ቀን በመጀመሪያው ሰከንድ በቃልም በጽሑፍም ይናገር፤ ደንቡ ሲለወጥም አሮጌው ከዝርዝሩ ይውጣ እንጂ አዲሱ ከጎኑ ተጨምሮ አይታለፍ። በአንድ የንግድ ማኅበር የትምህርት ዝርዝር ውስጥ ሁለት የማይስማሙ ትምህርቶች ከተገኙ፣ ተመልካቹ የሚመርጠው ትክክለኛውን ሳይሆን አጭሩን ነው።

ለባለሱቁ ስለ ቴሌብር አጠቃቀም የሚዘጋጀውም ትምህርት ከዚሁ ይመደባል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የስልኩ ገጽታ በየጊዜው ስለሚታደስ፣ «ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ይጫኑ» የሚል ትምህርት ዕድሜው አጭር ነው። «ገንዘቡ ገባ ብለው ዕቃውን ከማስረከብዎ በፊት በራስዎ ስልክ ላይ ሒሳብዎን ይመልከቱ፤ ገዢው የሚያሳይዎትን ገጽ አይመኑ» የሚለው ግን አያረጅም፤ ባለሱቁንም ከብዙ ማታለል ያድነዋል። እንዲህ ያለ ትምህርት ሲቀረፅ የአስተማሪው የምስጢር ቍጥር በጣቱ እንቅስቃሴ እንኳ እንዳይታይ መጠንቀቅ ያሻል። ቀላል ምክር ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸው ነው።

መስመሩ ሲቋረጥ

በአማራ ክልል ለሚሠራ ሰው በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት ማዘጋጀት ቤትን በአንድ ምሰሶ ማቆም ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቈይቷል። በዚያን ጊዜ በቴሌግራም ወይም በዩቱብ ብቻ ይገኝ የነበረ ትምህርት ሁሉ ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ ነጋዴ እንደሌለ ያህል ነበር። በማስታወሻ ካርድ የተያዘው ግን ከእጅ ወደ እጅ መሄዱን አላቋረጠም።

እንግዲህ ዋናው ቅጂ በእጅ የሚገኝ፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ረዳት ማሠራጫ ቢሆን ይመረጣል። ለዚህም የቪዲዮውን ክብደት ማሰብ ያሻል፤ ነጋዴ የጭነትን ነገር ያውቃልና ይህ አይከብደውም። በሰከንድ 500 ኪሎቢት መጠን የተዘጋጀ የ6 ደቂቃ ቪዲዮ ወደ 22 ሜጋባይት ይጠጋል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት የተዘጋጀው ያው ቪዲዮ ግን 225 ሜጋባይት ይሆናል። በትንሽ ስልክ መስታወት ላይ የሁለቱ ልዩነት ብዙ አይታወቅም፤ በዳታ ሒሳብ ላይ ግን ዐሥር እጥፍ ነው፤ የሚከፍለውም ተማሪው ነው። 16 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ትንሽ ካርድ ከቀላሉ ዓይነት ከ600 በላይ ትምህርቶች ይችላል። የአንድ ድንች ሰብሳቢ ትምህርት ሁሉ ከዚያ ውስጥ አንድ ጥግ እንኳ አይሞላም።

ከሥዕሉ ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ድምፁ ነው። የጉና ነፋስ በስልክ ማይክሮፎን ላይ ሲነፍስ የተናጋሪውን ቃል ይውጠዋል። ደብዛዛ ሥዕል ያለው ግን ድምፁ የጠራ ትምህርት ይታገሡታል፤ ሥዕሉ የጠራ ድምፁ የማይሰማ ግን ወዲያው ይዘጋል። በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ላይ ያለችውን ትንሽ ማይክሮፎን በልብስ ውስጥ ሸሽጎ መናገር፣ ወይም ነፋሱን በጀርባ አድርጎ መቆም፣ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ተናጋሪውም ጽሑፍ እያነበበ ባይናገር ይመረጣል። በእጁ የሚሠራውን እየተመለከተ በገዛ አነጋገሩ ቢገልጽ፣ ቃሉ ቢደናቀፍ እንኳ፣ ለሰሚው የቀረበ ነው።

ወጪውን በሚመለከት ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ካሜራው ነው። ስልኩ ግን አስቀድሞ በእጅ አለ። ገንዘቡ መዋል ያለበት ሥዕሉን ይዞ በገበያ ቀን ለሚቀመጠው፣ እያቆመ ለሚያስረዳው፣ ጥያቄውንም በደብተር ለሚመዘግበው ሰው ነው። የፕላዝማው ታሪክና የእርሻው ቪዲዮ ታሪክ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ልዩነቱ የተገኘው በመሣሪያው ዋጋ ላይ ሳይሆን በዚህ ሰው መኖርና አለመኖር ላይ ነው። ለዚህ ሥራ በአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሰው ያሉ ወጣቶች ይገኛሉ፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ከከተማዋ ርቆ የሚገኝ አይደለም። ሰብሳቢው ነጋዴ በግሉ የማይችለው ቢሆን፣ ሦስት አራት ሰብሳቢዎች አንድ ሰው በጋራ ቢቀጥሩ በአምራቹ ፊት ተፎካካሪ መሆናቸውን አያስቀርባቸውም፤ ጥሩ ሆኖ ተለቅሞ የሚቀርበው ድንች ለሁሉም ነውና።

ጊዜውን በሚመለከት፣ የመኸሩ ድንች ከመቈፈሩ ከአንድ ወር በፊት የአቈፋፈሩና የአለቃቀሙ ትምህርት በአምራቹ ስልክ ላይ መገኘት አለበት። የማከማቻው ሁለት ትምህርቶች፣ «ለዘር» የሚለው ወደ አምራቹ፣ «ለምግብ» የሚለው ወደ ባለሱቁ፣ ከመጀመሪያው ጭነት ጋር አብረው ይላኩ። ባለሱቁ ዘንድ የሚደርሰውን ካርድ ሹፌሩ ከጭነቱ ደረሰኝ ጋር አያይዞ ሊያደርስ ይችላል።